አሜን እንዳትሉ

ሱቃችን ውስጥ ሲጸለይ ዓይኑን የማይጨፍን አንድ ሰው አለ፤ እኔ ነኝ። አትደንግጡ። አሠሪዬ ዮፍታሄ ፒያሳ ያለችውን የኮምፒውተር ጥገና ሱቁን በጸሎት ይከፍታል፣ በጸሎት ይዘጋል፣ መሐል ላይም ከበድ ያለ ሥራ ሲመጣ ይጸልያል። እሰየው! ግን አንድ ቀን ሁላችንም ጨፍነን «ጌታ ሆይ» ስንል፣ አንዱ ቀስ ብሎ ገብቶ ከመደርደሪያው ላይ አዲስ ቻርጀር አንስቶ እብስ አለ። ከዚያ ወዲህ እኔ በአፌ እጸልያለሁ፣ በዓይኔ በር እጠብቃለሁ። ጌታ በዚህ የሚቀየመኝ አይመስለኝም። የሚቀየሙኝ እትዬ ብርሃነሽ ናቸው።

እትዬ ብርሃነሽ አዲስ ከተማ ነው የሚኖሩት። የሰንበት ትምህርት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ እኔን ብቻ ሳይሆን ግማሹን ሰፈር አስተምረዋል። በጸሎት ሰዓት ዓይኑን የገለጠ ልጅ ጆሮው ተቆንጥጦ ነበር የሚያድገው፤ የኔ ግራ ጆሮ ከቀኙ የሚረዝመው በሳቸው ምክንያት ይመስለኛል። አሁን አርጅተዋል፣ ጣታቸው ግን አላረጀም።

ያን ቀን ጠዋት አንድ ኮምፒውተር በአንሶላ ጠቅልለው በባጃጅ ይዘው መጡ። የባለቤታቸው የጋሽ ሙሉቀን ኮምፒውተር ነው። ጋሽ ሙሉቀን ባለፈው ክረምት አርፈዋል። ኮምፒውተሩም ሐዘን የገባው ይመስል፣ ሲያበሩት ጥቁር ሆኖ አንድ መስመር ይጽፍና እዚያው ቁጭ ይላል። እትዬ ብርሃነሽ ከቦርሳቸው ደግሞ ሌላ ጥቅል አወጡ። ላስቲክ፣ ከላስቲኩ ውስጥ ፎጣ፣ ከፎጣው ውስጥ እንደገና ላስቲክ። መጨረሻ ላይ መዳፍ የምታክል ሃርድ ዲስክ ወጣች።

«ዝማሬው እዚህ ውስጥ ነው» አሉ። «ራሱ ነው የቀዳው። ሙሌ ሲዘምር ሰምታችሁት አታውቁም እንጂ፣ መልአክ ነው እኮ! መልአክ!»

ዮፍታሄ ደግ ሰው ነው። «እትዬ፣ ኮምፒውተሩ እስኪሠራ እዚሁ በኔ ላፕቶፕ ልክፈትልዎት?» አላቸው።

«እዚህ? ሰው ፊት? እንዴት ተደርጎ!»

«እሺ፣ ቢያንስ ኮፒ ልያዝልዎት። ነገ ዲስኩ ቢበላሽ…»

«እርም! የባሌን ድምፅ ማንም አይገለብጠውም። ቤቴ ገብቼ፣ በሬን ዘግቼ፣ በራሱ ኮምፒውተር ነው የምሰማው።» ብለው ዲስኩን መልሰው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

እንግዲህ አስቡት። የጋሽ ሙሉቀን ድምፅ በዓለም ላይ ያለው እዚያች ቦርሳ ውስጥ ብቻ ነው። ከጠፋ ጠፋ። እትዬ ብርሃነሽ ደግሞ ከቀብሩ ወዲህ አንዴም አልሰሙትም፤ ኮምፒውተሩ የተበላሸው በዚያው ሰሞን ነው። ሲናገሩ ቦርሳውን በሁለት እጃቸው ነበር የያዙት፤ እኔም ቁንጥጫውን ሁሉ ረስቼ አዘንኩላቸው። ያው ሐዘኔ ብዙ አልቆየም።

ዮፍታሄ ኮምፒውተሩን ፈታትቶ አየና ሌላው ሁሉ ደኅና ነው፣ አዲስ ሲስተም ይጫንበት አለ። ለዚህ መጀመሪያ አንድ ፍላሽ ቡተብል መሆን አለበት፤ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲበራ ከፍላሹ እንዲነሳ ተደርጎ ሲስተሙ ይጻፍበታል። ሌላው ባለሙያ ይህን በማውስ ጠቅ ጠቅ አድርጎ ይገላገላል። የኛው ግን ላፕቶፑ ላይ ጥቁር መስኮት ከፍቶ በጽሑፍ ነው የሚያዘው። ትእዛዟ አጭር ናት፤ የቱ ፋይል፣ የት ላይ ይጻፍ። በቃ። ኤንተርን ከተጫናችሁ «እርግጠኛ ነህ ወይ?» የለ፣ «አስብበት» የለ፤ ያመለከታችኋትን ዕቃ ከመጀመሪያው ጀምራ እየደመሰሰች ትጽፍበታለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው ለሷ ነው።

ስለዚህ ዮፍታሄ ሥርዓት አለው። ከኢንተርኔት የወረደው የሲስተሙ ፋይል ሳይጎድል መምጣቱን ያረጋግጣል። ፍላሹን ሳይሰካ የዲስኮቹን ዝርዝር ያያል፣ ሰክቶ እንደገና ያያል፤ የተጨመረው የትኛው ነው፣ መጠኑስ የፍላሽ ነው ወይ? ኮምፒውተሩ ለሚሰካበት ሁሉ በገባበት ተራ ፊደል ይሰጣል። ኤ የላፕቶፑ የራሱ ሆድ ነው፤ ቀድሞ የተሰካው ቢ፣ ቀጥሎ የተሰካው ሲ። ወጥቶ የተመለሰ ግን፣ መናኸሪያ ሰልፍ ለቆ እንደሄደ ታክሲ፣ ተራውን ሌላ ይዞበት ይጠብቀዋል። ያን ቀን የተሰካው ፍላሹ ብቻ ነበር፤ ቢ ሆነ። ዮፍታሄም «ቢ ላይ ጻፍ» የሚለውን ትእዛዝ ጻፈ። ጽፎ ግን አይጫንም። ጣቱን ኤንተር ላይ ያሳርፍና ይጸለያል፤ ከመጨረሻዋ «አሜን» ጋር እኩል ይጫናል። አንዴ ቸኩሎ የራሱን የሠርግ ፎቶ ከደመሰሰ ወዲህ ያመጣው ልማድ ነው። ሚስቱ እስካሁን ሠርግ በሄዱ ቁጥር ታነሳበታለች።

«እትዬ፣ እርስዎ ይጸልዩልን» አለ።

እኔ ብሆን ይህን አልልም ነበር። የእትዬ ብርሃነሽ ጸሎት ከከተማችን ዳር ካለው ከታቦር ተራራ ተነስቶ ሐይቃችንን ዞሮ ነው የሚመለሰው። ጥግ ላይ ሔኖክ ነበር፤ ከደብረ ማርቆስ የመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፣ የመመረቂያ ጽሑፉን እያተምኩለት ነው። ኦርቶዶክስ ነው፤ ግን ጨዋ ልጅ ስለሆነ እኛ ስንጸልይ ኮፍያውን አውልቆ ይቆማል፣ ስንጨርስ በራሱ ወግ ያማትባል። ሁሉም ጨፈነ። እኔ በር በሩን አየሁ።

ለአገር ተጸለየ። ለዝናብ ተጸለየ። ለዓሣ አስጋሪዎች፣ ለባጃጅ ነጂዎች፣ ለታመሙ፣ ለመንገደኞች ተጸለየ። «ስሙን ለማላውቀው ለዚህ ቀጭን ልጅም ጌታ ሆይ፣ ሥጋ ጨምርለት» ተባለና ሔኖክ ጨፍኖ ፈገግ አለ። ተራው ደረሰኝ።

«ፌቨንንም አስባት ጌታ ሆይ! ዕድሜዋ እየሄደ ነው! ምላሷን አሳጥርላት፣ ባሏን አፍጥንላት!»

«አዎ ጌታ ሆይ!» አለ ዮፍታሄ ከልቡ። ከሃዲ!

ደሜ ፈላ። ሰው ፊት፣ ያውም ደንበኛ ፊት! የኔ ምላስ ምን አደረጋቸው? ቢያንስ በዓይኔ ልገርፋቸው ብዬ ከበሩ ወደሳቸው ዞርኩ። ዞሬ ያየሁትን ግን ማመን አቃተኝ። እትዬ ብርሃነሽ ዓይናቸው ተበልጥጧል! ያ ሁሉ የልጅ ጆሮ የቆነጠጡ ሴት፣ ራሳቸው እየጸለዩ፣ ዓይናቸውን ገልጠው ዲስካቸውን ከቦርሳቸው እያወጡ ነው።

አፋቸው ሳያቋርጥ ለኔ ባል ይለምናል፣ እጃቸው ሌላ ሥራ ይሠራል። የዲስኩን ገመድ ላፕቶፑ ጎን ካለችው ክፍት ቀዳዳ ሰኩት። ያቺ ቀዳዳ የላላች ናት፣ አልበራም። ወዲያው ፍላሹን ነቀል አደረጉና ዲስኩን በሱ ቦታ ሰኩት፤ ሰማያዊ መብራቱ ቦግ አለ። ፍላሹንም እንዳይቀር ብለው ነው መሰለኝ የላላችው ቀዳዳ ውስጥ ወዝውዘው ወዝውዘው አስገቡት፤ እሱም በራ። እጃቸውን ዲስኩ ላይ ጫኑና «ይህንንም ዕቃ ባርከው!» አሉ። አሁን ገባኝ፤ ጸሎቱ ዲስኩንም እንዲነካው ፈልገው ነው።

ቀጥሎ የገባኝ ነገር ግን ውሃ አደረገኝ። ፍላሹ ሲነቀል ተራውን ለቀቀ። ዲስኩ ገብቶ ቢ ሆነ። ፍላሹ ተመልሶ ሲ ሆነ። ትእዛዙ ግን እዚያው ጥቁሩ መስኮት ላይ «ቢ ላይ ጻፍ» እንዳለ ነው፤ የዮፍታሄ ጣትም ኤንተር ላይ ነው። አንድ አሜን፣ አለቀ፤ ጋሽ ሙሉቀን ሁለተኛ ይሞታሉ።

«ታዲያ አትናገሪም?» ትሉኝ ይሆናል። በምን አፌ? በጸሎት መሐል «እትዬ ብርሃነሽ ዓይናቸውን ገልጠው ዕቃ ይነካካሉ» ብዬ ልጩህ? እኛ ዘንድ የሚጸልይ ሰው አይቋረጥም። ነገር ግን መንፈስ የነካው ሰው ከጸሎቱ ጋር መቀላቀል ይችላል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መንፈስ ብቻ አልነበረም የነካኝ፤ ምላሷ ይጠር ላሉ ሰው ምላሴን የማሳየት ፍላጎትም ነበረበት።

«አዎ ጌታ ሆይ!» ብዬ ጮህኩ። ሔኖክ ደንግጦ ዘለለ። «የዮፍታሄን ጣት ያዝልን! ያቺን ጣት ካለችበት አታንቀሳቅሳት!»

«አዎ ጌታ!» አለ ዮፍታሄ።

«አንተ ሁሉን የምታይ አምላክ! ዓይን ሁሉ ሲጨፈን አንተ ታያለህ! ቦታውን የለቀቀ አለ ጌታ ሆይ! ቢ የነበረው ሲ ሆኗል! በቢ ቦታ የተቀመጠውን አንተ ታውቀዋለህ!»

«ገስጸው ጌታ ሆይ!» አለ ዮፍታሄ። ሰይጣንን የማወራ መስሎት ነው። የኮምፒውተር ባለሙያ ተብዬ! ቀኑን ሙሉ ቢ እና ሲ እያለ ይውላል፤ ሲጸልይ ግን ሥራውን ጭራሽ ይረሳል።

እትዬ ብርሃነሽ ግን ቀስ ብለው ዞሩ። ዓይን ለዓይን ገጠምን። ስለ ፊደሉ ምንም አልገባቸውም፤ መታየታቸው ግን በደንብ ገብቷቸዋል። ፊታቸው ቲማቲም መሰለ። መሸሻቸው አንድ ብቻ ነበር፤ ጸሎቱን መዝጋት። ድምፃቸውን ከድምፄ በላይ አደረጉት።

«ይህንን ሁሉ በስምህ ለምነን…»

«ገና ነው ጌታ ሆይ!» አልኩ።

«ጨርሰናል ጌታ ሆይ!»

«አልጨረስንም ጌታ ሆይ! አንድ ነገር ቀርቶናል!»

«እሱን ነገ እንጸልይበታለን ጌታ ሆይ!»

ዮፍታሄ ጣቱን ኤንተሩ ላይ አመቻቸ። እሱ የሚጠብቀው አሜንን ብቻ ነው። ያን ጊዜ ተንኮሉም ንዴቱም ጥሎኝ ሄደ፤ የቀረኝ ፍርሃት ብቻ ነው። እኝህ ሴት ከኔ ለመገላገል ብለው ባላቸውን በገዛ አፋቸው ሊደመስሱ ነው። እንባዬ መጣ።

«ጌታ ሆይ፣ የጋሽ ሙሉቀንን ድምፅ አድን! ዮፍታሄ ያቺን ቁልፍ ከተጫነ የጋሽ ሙሉቀን ድምፅ ይጠፋል!»

እትዬ ብርሃነሽ «አ…» ብለው ቆሙ። ዲስኩን አዩ፣ የዮፍታሄን ጣት አዩ። እኔም እሳቸውም ዝም ስንል ወንዶቹ ጸሎቱ ያለቀ መሰላቸው፤ ዮፍታሄና ሔኖክ እኩል አፋቸውን ሲከፍቱ አየሁ።

«አሜን እንዳትሉ!»

የጮኹት እትዬ ብርሃነሽ ናቸው። ጮኸውም አልቀሩ፤ የዮፍታሄን እጅ በሁለት እጃቸው አፈፍ አድርገው ወደ ላይ ሰቀሉት። ወንበሩ ተገለበጠ። ሔኖክ አሜኑን ዋጠና ለማንኛውም አማተበ።

ዮፍታሄ ዓይኑን ገልጦ እጁ ለምን ጣሪያ ላይ እንዳለ ግራ ገብቶት ያየናል። ላፕቶፑ ጎን ላይ ሁለት መብራት ሲበራ አየ። ወዲያው በነፃ እጁ ትእዛዙን አጥፍቶ የዲስኮቹን ዝርዝር ጠራ። ከቢ አጠገብ የተጻፈው መጠን የፍላሽ አልነበረም። ግንባሩን በእጅጌው ጠረገ።

«ማን ነካው?» አለ።

እኔ «የላላችው ቀዳዳ ናት» ልል አፌን ከፍቼ ነበር፤ እትዬ ብርሃነሽ ቀደሙኝ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ጸሎቱ እንዲነካው ብዬ ነው። ቦርሳ ውስጥ ሆኖ እንዴት ይደርሰዋል?» ወዲያው ወደኔ ዞሩ። «ቆይ! አንቺስ በምን አየሽ?»

«እርስዎ ባዩበት» አልኳቸው።

ሔኖክ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እትዬ ብርሃነሽ እጃቸውን ወደ ጆሮዬ ሰደዱ፤ ደረሱና ግን አልቆነጠጡም፣ ጉንጬን ያዙኝ። ጣታቸው በረዶ ሆኗል።

«ነካው እንዴ? ሙሌ ጠፋ እንዴ?» አሉ።

«አልነካውም እትዬ፣ አልተጫንኩም» አለ ዮፍታሄ።

«በምን ታውቃለህ? ክፈተው።»

«እዚህ? ቤትዎ ገብተው፣ በርዎን ዘግተው ነው ያሉት እኮ…»

«እስከ ቤቴ አልደርስም» አሉ።

ዮፍታሄ ግን ሥርዓቱ ሥርዓት ነው፤ ፍላሹ ሳይጻፍ፣ ጠረጴዛው ሳይጠራ ሌላ ዲስክ አልከፍትም አለ። ዲስኩን ነቅሎ ጭናቸው ላይ አስቀመጠላቸው። ፍላሹንም ነቅሎ ብቻውን ደኅናው ቀዳዳ ላይ ሰካ። ዝርዝሩን ጠራ፣ ፊደሉን አየ፣ መጠኑን አየ፣ እኔንም ጠርቶ አሳየኝ። ትእዛዙን እንደ አዲስ ጻፈ።

«ይጸለይ?» አለ ሔኖክ በቅንነት።

«አይጸለይ!» አልነው ሦስታችንም።

ዮፍታሄ ተጫነ። ቁጥሮቹ ጥቁሩ መስኮት ላይ መሮጥ ጀመሩ። እትዬ ብርሃነሽ ዲስኩን በፎጣው ጠቅልለው አቅፈው ተቀመጡ። እኔ ውሃ አመጣሁላቸው፤ ጠጡ፣ ብርጭቆውን መልሰው መስጠት ግን ረሱ። ቁጥሮቹ ሲቆሙ «አለቀ?» አሉ። ዮፍታሄ ገና ነው አለ፤ ያለቀ ሲመስል እንኳ ያልተጻፈ ቀሪ ሊኖር ይችላል፣ ቸኩለው ከነቀሉት ፍላሹ ጎደሎ ይሆናል። የቀረውን አስጽፎ፣ የተጻፈውን ከዋናው ፋይል ጋር አመሳክሮ፣ ፍላሹን ነቀለ። እንደዚያ ቀን ተጠንቅቆ ሲሠራ አይቼው አላውቅም፤ እንደዚያ ቀንም አናድዶኝ አያውቅም። ሴትየዋ እየጠበቁ ነው እኮ!

በመጨረሻ እጁን ዘረጋ። ዲስኩን ለመስጠት አመነቱ፣ በኋላ ሰጡት። ሰካው፣ ከፈተው። አንድ ፋይል ብቻ ነው ያለበት። ወንበሬን አስጠግቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የሚንኳኳ ነገር ተሰማ። ቀጥሎ ጋሽ ሙሉቀን በሲዳምኛ መዘመር ጀመሩ።

ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ መልአኩ የት ሄደ? ድምፃቸው ብሬኩ ያለቀበት ባጃጅ ነው። ዜማውን እዚህ ይጥሉታል፣ እዚያ ያገኙታል፣ ከፍ ማለት ባለበት ይወርዳሉ፣ መውረድ ባለበት ይሰነጠቃሉ። ዮፍታሄ ከንፈሩን ነከሰ። ሔኖክ ያላለቀ ጽሑፉን አንስቶ ማንበብ ጀመረ። እኔ እትዬ ብርሃነሽን ለማየት ፈራሁ። ለካ ለዚህ ነበር ሰው ፊት አልሰማም ያሉት! ዝማሬው አለቀ፣ ጋሽ ሙሉቀን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ብርሃኔ! እንዴት ነው?» አሉ ከላፕቶፑ ውስጥ።

ከሩቅ የሰሃን ኳኳታ መጣ፣ ቀጥሎ የሴት ድምፅ። የራሳቸው የእትዬ ብርሃነሽ ድምፅ ነው፤ ያው የምናውቀው፣ ቁንጥጫ ያለበት ድምፅ።

«ኧረ በሕግ አምላክ! ጎረቤት ምን በደለህ? ጆሮዬን አደነቆርከው እኮ!»

ጋሽ ሙሉቀን ሳቁ። እንዴት ያለ ሳቅ መሰላችሁ፣ ከዝማሬያቸው መቶ እጅ ይበልጣል። «አንዴ ብቻ ልድገመው?» አሉ።

«እንዳትደግም! ሙሌ፣ ነግሬሃለሁ፣ እንዳትደግም!»

ቀጭ ብሎ ቆመ። በቃ፣ ያ ነው ሁሉም ነገር። ከውጭ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል። እትዬ ብርሃነሽ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። እንባቸው አገጫቸው ላይ ደርሷል፣ አልጠረጉትም። ዮፍታሄንም እኔንም አላዩንም።

«ድገመው» አሉ። «ድገመው ሙሌ።»

ዮፍታሄ እንደገና ከፈተው።